ጢም የሌለው ስንዴ፦ የኒኮላይ ቫቪሎቭ የሕይወት ታሪክ

በዚህ እትማችን የምናስተዋውቃችሁ ሩሲያዊውን የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭን ነው። ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁ ብትኖሩ አይገርምም፤ እግሩ ግን አገራችንን ረግጧል። (ዘመኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቫቪሎቭ በ1887 በሞስኮ ተወለደ። የእርሻ ትምህርቱን በ1911 እዚያው ጨርሶ፣ እንግሊዝ አገር በዘር ውርስ ጥናት ስሙ ከገነነው ከዊሊያም ቤትሰን ዘንድ ሠራ። በ1920 ሳራቶቭ በምትባል ከተማ አንድ አዲስ ሐሳብ ለሳይንቲስቶች ጉባኤ አቀረበ። ዝምድና ያላቸው እህሎች የሚያሳዩት ጠባይ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ የእህሎቹን ዓይነቶች በሠንጠረዥ ጎን ለጎን ብንደረድርና በአንዱ ረድፍ ያለው ጠባይ በሌላው ረድፍ ባዶ ሆኖ ብናገኘው፣ የጎደለው በአንድ የዓለም ክፍል ሊገኝ እንደሚችል አስቀድመን መናገር እንችላለን። ኮምፒዩተር ባልነበረበት ዘመን በወረቀትና በእርሳስ የተሠራ ስሌት ነበር።

በሠንጠረዡ ባዶ ከነበሩት ቦታዎች አንዱ ጢም የሌለው የማካሮኒ ስንዴ ነው። ጢም ያልነው በዛላው ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ሹል ፀጉር ነው። እዚህ ካርቱም ተወልዳችሁ አውድማ ያላያችሁ ወላጆቻችሁን ጠይቁ።

በ1927 መጀመሪያ፣ በእኛ 1919 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ቫቪሎቭ ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። በወቅቱ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን አዲስ አበባ ላይ ተቀብለው አነጋገሩት። ከዚያም በቅሎ ጭኖ ሲጓዝ፣ አንኮበር አካባቢ ከገበሬ ማሳ ላይ ያንን ጢም የሌለውን ስንዴ አገኘው! የእኛ ገበሬዎች ሲዘሩት የኖሩት እህል የአንድን ሊቅ ሠንጠረዥ ሞላለት።

ለመሆኑ የስንዴ ጢም ለምን ይጠፋል? የስንዴው ሥርም፣ ቅጠሉም፣ ዛላውም በየሴላቸው የያዙት ጂኖች አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነቱ የትኛው ጂን ይሠራል፣ የትኛው ዝም ይላል የሚለው ነው። ለሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት መጽሐፍ ታድሎ፣ አንዱ ክፍል ገጽ 5ን ሌላው ገጽ 90ን ብቻ እንዲያነብ ቢታዘዝ እንደ ማለት ነው። ሌሎች ጂኖችን ዝም የሚያሰኙ ጂኖችም አሉ። በዳቦ ስንዴ ጢም እንዳይበቅል የሚያደርገው ቢ1 የተባለው ጂን ከእነዚህ ዝም አሰኚዎች ወገን መሆኑን የሚያመለክት ጥናት በ2020 ወጣ። የዳቦ ስንዴ የዘር መመሪያ ከ15 ቢሊዮን በላይ ፊደላት ስላሉት በዓይን ተነቦ አያልቅም። ተመራማሪዎቹ ጢም ያላቸውንና የሌላቸውን ብዙ ስንዴዎች ፊደል በፊደል በኮምፒዩተር አስተያዩ፤ የትኛው ጂን በየትኛው ተክል በርትቶ እንደሚሠራም ለኩ። ይህም ቢሆን ሠንጠረዥ ነው፤ የቫቪሎቭ ሠንጠረዥ ግን በአንድ ሰው እጅ የሚያዝ ነበር።

ቫቪሎቭ እዚህ አጠገባችን የሚያልፈውን ዓባይን በላይኛው አገሩ ተሻግሮ፣ ጎንደርንና አክሱምን አይቶ በአስመራ በኩል ወጣ። በሺህ የሚቆጠር የዘር ናሙና ይዞ ነበር። አገራችንንም የእህል ዘሮች ከበቀሉባቸው የዓለም ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዘገባት።

አገሩ ግን አልተመቸችውም። ሊሴንኮ የሚባል ሰው የጂንን ሳይንስ ሐሰት ነው እያለ በስታሊን ድጋፍ ከፍ ከፍ አለ። ቫቪሎቭ አልተቀበለውም። በነሐሴ 1940 ለዕፀዋት ጥናት ምዕራብ ዩክሬን በወጣበት ተያዘ። በ1941 ሞት ተፈረደበት፤ በኋላ ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠ። ዓለምን ከረሃብ ለማዳን ዘር ሲሰበስብ የኖረው ሰው በጥር 1943፣ በ55 ዓመቱ፣ በእስር ቤት ረሃብ ተጎድቶ ሞተ። እስር ቤቱ የነበረው ያንን ሐሳቡን ባቀረበባት በሳራቶቭ ነበር።

በዚያው ጊዜ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ሕዝቡ በረሃብ ያልቅ ነበር። የተቋሙ ሠራተኞች በመጋዘን ያለውን ዘር አልነኩም። የሩዝ ዘር ኃላፊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሩዝ ከረጢቶች መካከል ሆኖ በረሃብ ሞተ።

ቫቪሎቭ ከወንጀል ነፃ መሆኑ የታወጀው በ1955 ነው። ስለ ጉዞዎቹ ከጻፈው የተረፈው ክፍል በ1962 ታተመ፤ ኢትዮጵያን ያየበት ምዕራፍም ከተረፈው ውስጥ ነው።