በባዕድ ከተማ ወገን ያገኙት ሐኪም

ለትምህርት ወደ ሩቅ ከተማ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚሻው ማደሪያና ጉርስ ነው። ሁለቱን ካገኘ በኋላ ግን ከሁሉም የሚከብድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ከማን ጋር ልኑር የሚለው። የዶክተር መላኩ በያን ሕይወት ለዚህ ጥያቄ በሰጡት መልስ የተቃና ነው።

ዶክተር መላኩ በ1892 ዓ.ም. በወሎ ተወለዱ። ከንጉሣውያን ቤተሰብ ጋር ዝምድና ስለነበራቸው ያደጉት በሐረር፣ በራስ መኮንን ቤት አካባቢ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የተወለደው ትውልድ የውጭውን ዓለም ጥበብ እንዲቀስም ይፈለግ ነበርና፣ እርሳቸውም በወጣትነታቸው በመጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ ቀጥሎም በ1914 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አሜሪካ ተላኩ። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የሚማሩ ኢትዮጵያውያን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

መጀመሪያ የተቀመጡት በኦሃዮ ክፍለ ግዛት ነው። በአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ በሚገኘው መስኪንገም ኮሌጅ ተማሩ፤ ከዚያም ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩ። ዓላማቸው ሐኪም ሆኖ አገራቸውን ማገልገል ነበር። በ1922 ዓ.ም. ግን አንድ ትልቅ ውሳኔ ወሰኑ። ኦሃዮን ትተው ወደ ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ሄዱና የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ በሆነው በሐዋርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ።

የዚያን ጊዜዋ ዋሽንግተን ሁለት ከተማ ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከአራት ነዋሪዎቿ አንዱ ያህል ጥቁር ቢሆንም፣ ጥቁርና ነጭ ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት አይማሩም ነበር። በመሀል ከተማ የሚገኙ ብዙ ምግብ ቤቶችና ቲያትር ቤቶች ጥቁር ደንበኛ አያስተናግዱም። ባሪያዎችን ነፃ ላወጡት ለፕሬዚዳንት ሊንከን የተሠራው ታላቅ መታሰቢያ በ1914 ዓ.ም. ሲመረቅ እንኳ ጥቁር እንግዶች ለብቻቸው ተለይተው ነበር የተቀመጡት። ኢትዮጵያውያንም ከዚህ አልዳኑም፤ በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ የሄደው የኢትዮጵያ መልእክተኞች ቡድን ኒውዮርክ ውስጥ በቆዳ ቀለሙ ምክንያት ከአንድ ክበብ ደጃፍ ተመልሷል።

እንዲህ ባለ ከተማ ለአንድ የባዕድ አገር ተማሪ፣ ያውም ለመኳንንት ዘር፣ አንድ ቀላል መንገድ ክፍት ነበር። የዘውዳዊ አገር ሰው መሆኑን እያስታወቀ፣ ከአሜሪካ ጥቁሮች የተለየሁ ነኝ እያለ፣ የተከበረ እንግዳ ሆኖ መኖር ይችል ነበር። ዶክተር መላኩ ይህን መንገድ አልተከተሉም። የባሪያ ልጆች ተብለው ከሚናቁት ጋር አንድ ማዕድ መቁረስን መረጡ።

ሐዋርድ የተመሠረተው የእርስ በርሱ ጦርነት አብቅቶ ባርነት ከተሻረ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ተማሪዎቹ ሕክምናን በተግባር የሚለማመዱት አጠገቡ ባለው ፍሪድመንስ ሆስፒታል ነበር፤ ይህም ነፃ ለወጡ ባሪያዎች መታከሚያ እንዲሆን የተቋቋመ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ወረድ ሲባል ዩ ስትሪት የተባለው የጥቁሮች መንደር ሱቁ፣ ቲያትሩና ማተሚያ ቤቱ ሞቅ ብሎ ይገኛል። ዶክተር መላኩ በዚህ ሕዝብ መካከል ያዩት ነገር ኦሃዮ ከለመዱት የተለየ ነበር። ይህ ሕዝብ ኢትዮጵያን አይቷት ባያውቅም ስሟን በጸሎቱ ይጠራል፤ በኒውዮርክ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቤተ ክርስቲያኑንም በአቢሲኒያ ስም ሰይሟል። በሐዋርድ የአፍሪካን ጥንታዊ ታሪክ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ሊዮ ሃንስቤሪም የቅርብ ባልንጀራቸው ሆኑ፤ ኋላም አብረው ስለ ኢትዮጵያ የሚያጠናና የሚያስረዳ ጉባኤ መሠረቱ።

ምርጫቸው ግን ዋጋ ነበረው። በአገር ቤት ከአንድ ታላቅ ባለሥልጣን ልጅ ጋር ታጭተው ነበር። ያን እጮኝነት አፍርሰው ገና ተማሪ ሳሉ ዶሮቲ ሃድሊ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ። ጋብቻ የሁለት ቤተ ዘመዶች ጉዳይ በሆነበት ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ቀላል እርምጃ አልነበረም።

በ1927 ዓ.ም. የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጽመው ከባለቤታቸውና ከትንሽ ልጃቸው ጋር ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት ከቺካጎ መጥቶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመራው ጥቁር አሜሪካዊው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጣ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ዶክተር መላኩ ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን ወረረች፤ እርሳቸውም በኦጋዴን ግንባር ቁስለኛ ሲያክሙ ሰነበቱ።

ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላ፣ በ1929 ዓ.ም. መግቢያ፣ የጥቁሩን ሕዝብ ድጋፍ እንዲያስተባብሩ ዶክተር መላኩ እንደገና ወደ አሜሪካ ተላኩ። የተማሪነት ዘመናቸው ፍሬ የታየው ያኔ ነው። ኒውዮርክ ሲደርሱ እንደ እንግዳ ደጅ አልጠኑም፤ ቋንቋውን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና ቁስሉን የሚያውቁት ወገን ጠበቃቸው። ነሐሴ 19 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ፤ የኢትዮጵያ ድምፅ የሚል ጋዜጣም ያሳትሙ ጀመር። ማኅበሩ ቅርንጫፉን እስከ ጃማይካ ዘረጋ። ራሱ የኑሮ ውድቀት ያደቀቀው ሕዝብ ከትንሿ ገቢው ቀንሶ ለኢትዮጵያ አዋጣ።

ዶክተር መላኩ ያለ ዕረፍት ሲደክሙ ጤናቸው ታወከ። ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. በ40 ዓመታቸው በዚያው በአሜሪካ አረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ ድል አድርገው አዲስ አበባ የገቡት ልክ በዓመቱ፣ በማግስቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ያን ቀን ለማየት አልታደሉም።

ከነፃነት በኋላ ኢትዮጵያ በመከራዋ ቀን ለረዷት ጥቁር ሕዝቦች ሻሸመኔ ላይ መሬት ስትሰጥ፣ ስጦታው የደረሳቸው ዶክተር መላኩ ባቋቋሙት ማኅበር በኩል ነበር። ከካሪቢያን ደሴቶችና ከአሜሪካ መጥተው በዚያ የሰፈሩት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም ሻሸመኔ ይኖራሉ። ከወሎ የወጣው ተማሪ በባዕድ ከተማ ወገን ፈልጎ አገኘ፤ ያ ወገን ደግሞ በተራው አገር አገኘ።