አልፕስን በታመቀ አየር የበሳው ኢንጂኒየር

ከፈረንሳይ ወደ ኢጣሊያ በምድር ባቡር የሚጓዝ ሰው ሞዳን ላይ ከአልፕስ ተራራ ሥር ይገባና ባርዶኔኪያ ላይ ብቅ ይላል። ይህ ዋሻ ከመከፈቱ በፊት መንገደኛው የሞን ሰኒን በር በሠረገላ፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ በበረዶ ላይ እየተንሸራተተ ነበር የሚያልፈው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ይህን ተራራ ለመብሳት የደከመውን የዤርማን ሶሜዬን ታሪክ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሶሜዬ በ1815 ዓ.ም. በሳቮይ ውስጥ ሳን ዡዋር በምትባል መንደር ተወለደ። ሳቮይ በዚያን ጊዜ በሰርዲኒያ ንጉሥ ትገዛ ስለ ነበር ወጣቱ ቱሪን ወርዶ ምሕንድስና ተማረ። በ1846 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የምድር ባቡርን ጥበብ እንዲያጠና ወደ ቤልጅግ ላከው። ግራንዲስና ግራቶኒ የተባሉት ሁለት መሐንዲሶች ከዚያ በኋላ የሥራ ባልንጀሮቹ ሆኑ።

የችግሩን ክብደት እናስረዳ። ዋሻው ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ነበረው። በላዩ የተጫነው ዓለት አንዳንድ ስፍራ ከ1,600 ሜትር ስለሚበልጥ፣ በሌላ አገር እንደሚደረገው ከላይ ጉድጓድ ቆፍሮ በብዙ ቦታ ሥራ መጀመር አይቻልም ነበር። የቀረው መንገድ ከሁለቱ ጫፍ መቆፈር ብቻ ነው። በመሮና በመዶሻ ከተሄደ ደግሞ ሥራው የአንድ ሰው ዕድሜ ሊጨርስ ነው። ቶማስ ባርትሌት የተባለ እንግሊዛዊ በእንፋሎት የሚሠራ የዓለት መብሻ መኪና ሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን በዋሻ ውስጥ እሳት ቢነድ ጭሱና ሙቀቱ ሠራተኛውን ይፈጀዋል።

ሶሜዬ በእንፋሎቱ ፋንታ የታመቀ አየር እናግባ አለ። አየሩ ከውጭ በተራራው ውሃ ኃይል ይታመቃል፤ በቧንቧም ወደ ውስጥ ይሄዳል። ብዙዎች ግን አየሩ በረዥም ቧንቧ ሲጓዝ ኃይሉን ይጨርሳል ብለው ተከራከሩ። ክርክሩን የቈረጠው ሙከራ ነው። በ1857 ዓ.ም. በጄኖቫ አጠገብ ላ ኮሻ በሚባል ስፍራ፣ ሜናብሬያና ሴላ የነበሩበት የመንግሥት ኮሚሲዮን አየሩ በቧንቧ ሲያልፍ የሚጠፋውን ኃይል መረመረ፤ ጥቂትም ሆኖ ተገኘ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አየሩ የሚገፋው ፒስቶን የብረት መሰርሰሪያውን ከዓለቱ ጋር ያጋጨዋል፤ በየምቱም ትንሽ ያዞረዋል፤ ውሃም በጉድጓዱ ውስጥ እየተረጨ ብረቱን ያቀዘቅዛል፣ የዓለቱንም ዱቄት ያጥባል። በሐዲድ ላይ በሚሄድ አንድ ጋሪ ብዙ መሰርሰሪያ ይጫናል። ጉድጓዶቹ ሲያልቁ ጋሪው ወደ ኋላ ይሳብና ባሩድ ይሞላባቸዋል። ሥራውን የጨረሰው አየር ደግሞ ለሠራተኞቹ መተንፈሻ ይሆናል፤ እኛን ከሁሉ ያስደነቀን ይህ ነው።

ቁፋሮው በ1857 ዓ.ም. በእጅ ተጀመረ። መኪናዎቹ ባርዶኔኪያ ላይ ሥራ የጀመሩት በ1861 ዓ.ም. ሲሆን የዚያ ዓመት ውጤት 170 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ ከዓመቱ በፊት በእጅ ከተቈፈረውም ያነሰ ነው። ብረቱ ይሰበራል፣ መሰርሰሪያው ይደንዛል። ሶሜዬ የፓርላማ አባልም ስለ ነበረና በሥራው ላይ የብዙ ሕዝብ ገንዘብ ስለ ወጣ፣ ይህ ዓመት ምን ያህል እንደ ከበደው መገመት አያስቸግርም። እርሱ ግን የተሰበረውን እየመረመረ መኪናውን አሻሻለ። በማግሥቱ ዓመት 380 ሜትር ያህል ሄደ፤ በ1867 ዓ.ም. በዚያው በኩል ከ800 ሜትር በላይ ደረሰ።

በዚህ መካከል በ1860 ዓ.ም. ሳቮይ ለፈረንሳይ ተሰጠች፤ የሶሜዬ የትውልድ መንደርና የሥራ መንግሥቱ በሁለት አገር ሆኑ። ፈረንሳይም ከወጪው ድርሻዋን ለመክፈል፣ ሥራው ከ25 ዓመት ቀድሞ ካለቀም ለየዓመቱ ጭማሪ ለመስጠት ተዋዋለች። በ1865 ዓ.ም. በሞዳን በኩል እጅግ ጠንካራ የኳርትዝ ዓለት ገጥሞ ሥራውን አጓተተው። ሆኖም በ1870 ዓ.ም. በልደት በዓል ሰሞን ሁለቱ ወገኖች በተራራው ሆድ ውስጥ ተገናኙ። በጠቅላላው 13 ዓመት ፈጅቶ ነበር።

ሶሜዬ ደክሞ ወደ ሳን ዡዋር ተመለሰና ሐምሌ 11 ቀን 1871 ዓ.ም. በተወለደበት መንደር ሞተ። የመጀመሪያዎቹ ባለ ሥልጣኖች በዋሻው ውስጥ በባቡር ያለፉት በመስከረም 17 ቀን፣ ከሁለት ወር በኋላ ነው።