ፍርድን ከሙታን የጠየቀ ሰው

የሕንዱ የፊልም አዘጋጅ ቢማል ሮይ እ.ኤ.አ. በ1909 በቤንጋል፣ በዳካ አጠገብ፣ ከባለርስት ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ በሞተ ጊዜ ግን የርስቱ አስተዳዳሪ ቤተሰቡን አታልሎ ባዶ እጁን አስቀረው። ወጣቱም ወደ ካልካታ ሄዶ በአንድ የፊልም ኩባንያ የካሜራን ሥራ ተማረ።

ይህ በደል ከልቡ እንዳልወጣ ሥራዎቹ ይመሰክራሉ። እ.ኤ.አ. በ1953 በወጣው «ዶ ቢጋ ዛሚን» በተባለው ፊልም አንድ ድኻ ገበሬ የባለርስቱን ዕዳ ለመክፈል በካልካታ ጎዳና ሰው የተሳፈረበትን ጋሪ እየጎተተ ይለፋል፤ በመጨረሻም መሬቱን ያጣል። ፊልሙ በካን ከተማ ተሸለመ፤ ገበሬው ግን ፍርድ አላገኘም።

ፍርዱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1958 «ማዱማቲ» በተባለው ፊልም ነው። ታሪኩን የጻፈለት ሪትዊክ ጋታክ ነበረ። ማዱማቲ የተባለችው የተራራ አገር ልጃገረድ ባለርስቱ ኡግራ ናራያን ሊደፍራት ሲል ከሰገነት ወድቃ ትሞታለች። ፍቅረኛዋ አናንድ መልኳ ሟቿን የሚመስል አንዲት ሴት አግኝቶ፣ እንደ መንፈስ ሆና በባለርስቱ ፊት እንድትቆም ይለምናታል። ባለርስቱም ደንግጦ ፖሊስ እየሰማ ወንጀሉን ያምናል። ወዲያው ግን ያቺ ሴት ዘግይታ ትደርሳለች፤ ለካ ቀድማ የቆመችው ራሷ ሟቿ ኖራለች!

ፊልሙ ዘጠኝ የፊልምፌር ሽልማት አገኘ። የመናፍስት ተረት ነው ብለው የሚያቃልሉት አሉ። እኛ ግን ሕያዋን ዳኞች ለድኻ ጆሮ ሲነፍጉ ሙት ተነሥታ መክሰሷን አየንበት። ቢማል ሮይ እ.ኤ.አ. በ1966 በካንሰር ሲሞት ዕድሜው 56 ዓመት ነበረ። የማዱማቲ ክስ ግን ድኻ ፍርድ ባጣበት አገር ሁሉ ገና አልተዘጋም።