ዶክተር ካርል ላንድስታይነርና የደም መስማማት

ለሞተር መለዋወጫ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ልኩን ያመሳክራል፤ ልኩ ያልሆነ ዕቃ በግድ ቢገጠም ሞተሩን ያበላሻልና። ደም ወይም ኩላሊት ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍስ ልኩ በምን ይታወቃል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኝበትን መንገድ የከፈቱት ኦስትሪያዊው ሐኪም ዶክተር ካርል ላንድስታይነር ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላንድስታይነር በ1868 በኦስትሪያ ተወለዱ። ጋዜጠኛ የነበሩትን አባታቸውን በስድስት ዓመታቸው በሞት ስለተነጠቁ በእናታቸው እጅ አደጉ። በ1891 በሕክምና ተመርቀው ኬሚስትሪን በጥልቀት አጠኑ።

በዚያ ዘመን የሌላ ሰው ደም ከተሰጣቸው ሕመምተኞች አንዱ ሲድን ሌላው ይሞት ነበር። ላንድስታይነር ከራሳቸውና ከአምስት ባልደረቦቻቸው ደም ወስደው የአንዱን ሴረም ከሌላው ቀይ የደም ሕዋሳት ጋር ቀላቀሉ። አንዳንዱ ቅልቅል እንደነበረ ቀረ፤ አንዳንዱ ግን ተጓጎለ። የማንም ሴረም የራሱን ሕዋሳት አላጓጎለም። በ1901 ባወጡት ጽሑፍ የሰውን ደም በሦስት ወገን ከፈሉት፤ አራተኛውን ሌሎች ሐኪሞች በ1902 አገኙት።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቪየና በችግር ስትጠቃ፣ በ1919 ወደ ሄግ፣ ከዚያም ወደ ኒው ዮርክ ሮክፌለር ኢንስቲትዩት ተሻገሩ። በ1930 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከሦስት ዓመት በኋላ በዩክሬን፣ በኬርሶን ከተማ፣ ቀዶ ሐኪሙ ዩሪ ቮሮኖይ ከሞተ ሰው የተወሰደ ኩላሊት ለአንዲት ወጣት ሴት ተከሉ። የለጋሹ ደም ቢ፣ የተቀባይዋ ኦ ነበር፤ ሴትዮዋ በሁለት ቀን ውስጥ አረፈች። ኩላሊቱ ከሞት በኋላ ለሰዓታት መቆየቱም ጎድቶታል፤ የደሙ አለመስማማት ግን ብቻውን ሥራውን ለማክሸፍ ይበቃ ነበር።

ላንድስታይነር በ1943 ፒፔት በእጃቸው እንደያዙ በቤተ ሙከራቸው በልብ ሕመም ተመቱ፤ በሁለተኛው ቀን፣ በ75 ዓመታቸው አረፉ። በ1958 ፈረንሳዊው ዣን ዶሴ በነጭ የደም ሕዋሳት ላይ ሌላ የመለያ ምልክት አገኙ፤ ኤች ኤል ኤ የሚባለው የኅብረ ሕዋስ መለያ ጥናት ከዚህ ተነሣ። በ1964 ፖል ቴራሳኪ ምርመራውን በአንድ ማይክሮሊትር ሴረም የሚሠራ አደረጉት።

ዛሬ መለያው ከዘር ቅንጣት ይነበባል። ሆኖም ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተቀባዩ ሴረም ከለጋሹ ሕዋሳት ጋር በቤተ ሙከራ ይገናኛል። ሴረሙ ሕዋሳቱን ካጠቃ፣ የለጋሹ ቸርነት ምንም ያህል ቢሆን፣ ያ ኩላሊት በአብዛኛው ለዚያ ሕመምተኛ አይተከልም።