ኖርበርት ዊነር፦ የአንጎልንና የማሽንን አሠራር በአንድ ሳይንስ ያገናኙ ሊቅ

አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ፕሮፌሰር ኖርበርት ዊነር እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 1894 በሚዙሪ ግዛት፣ በኮሎምቢያ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሊዮ ዊነር በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የስላቭ ቋንቋዎች መምህር የነበሩ ሲሆን፣ ልጃቸውን በልጅነት ዕድሜያቸው ራሳቸው በጥብቅ ሥርዓት አስተምረዋል። በዚህም ምክንያት ዊነር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ11፣ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ14፣ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ደግሞ ከሃርቫርድ በ18 ዓመታቸው አጠናቀቁ። በእንግሊዝና በጀርመን ተጨማሪ ትምህርት ከቀሰሙ በኋላ፣ ከ1919 ጀምሮ ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አገልግለዋል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ዊነር ከመሐንዲሱ ጁሊያን ቢግሎው ጋር በመሆን፣ የጸረ-አውሮፕላን መድፍ አውሮፕላኑ የሚደርስበትን ቦታ አስቀድሞ እንዲተነብይ የሚያስችል መሣሪያ አጠኑ። መሣሪያው ለጦር ሜዳ ባይበቃም፣ ሥራው ወደ ግብረ መልስ ጽንሰ ሐሳብ መራቸው። ግብረ መልስ ማለት አንድ ሥርዓት የሥራውን ውጤት ከታለመለት ግብ ጋር አነጻጽሮ፣ በመካከል የተፈጠረውን ልዩነት እየለካ ራሱን የሚያርምበት ሂደት ነው። ይሁንና እርማቱ ከመጠን ሲያልፍ ማሽኑ ዒላማውን ወዲያና ወዲህ እየሳተ ይዋዥቃል።

ሁለቱ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ችግር በሰው ላይ ይታይ እንደሆነ ሜክሲኳዊውን የሥነ አካል ተመራማሪ አርቱሮ ሮዘንብሉትን ጠየቁ። መልሱም ችግሩ መኖሩን የሚያረጋግጥ ነበር። ሴሬቤለም የተባለው የአንጎል ክፍል የተጎዳበት ሰው ዕቃ ለማንሣት እጁን ሲዘረጋ፣ እጁ ዒላማውን እያለፈ ይንቀጠቀጣል። ሦስቱ ምሁራን ይህንን ሐሳብ በ1943 በጋራ ጽሑፍ አሳተሙ። ዊነር በ1948 ባወጡት መጽሐፍ ደግሞ የቁጥጥርንና የግንኙነትን ጥናት በእንስሳትም በማሽንም አንድ አድርገው፣ መርከብ መሪ ከሚለው የግሪክ ቃል በመነሣት ሳይበርኔቲክስ የሚል ስያሜ ሰጡት። በነርቭ የሚተላለፈው ምልክትም ሆነ በስልክ ሽቦ የሚሄደው መልእክት በአንድ ዓይነት ሒሳብ ሊመረመር እንደሚችል አሳዩ። ከባልደረቦቻቸው ጋርም መስማት የተሳናቸው ሰዎች ንግግርን በጣቶቻቸው ንዝረት እንዲረዱ ታስቦ የተሠራ የሙከራ መሣሪያ አጥንተዋል።

ዊነር የዕውቀታቸው ውጤት የሚያስከትለውን ኃላፊነት አልሸሹም። ከሂሮሺማ በኋላ፣ ጥናታቸውን ለሚሳኤል ሥራ የፈለገ ተመራማሪ ያቀረበላቸውን ጥያቄ አልተቀበሉም፤ ምክንያታቸውንም በጃንዋሪ 1947 በታተመ ጽሑፍ ለሕዝብ ይፋ አደረጉ። በ1949 ደግሞ ለአሜሪካ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት ለዋልተር ሩተር ደብዳቤ ጽፈው፣ ራሱን በራሱ የሚቆጣጠር ማሽን ሠራተኛውን ከሥራ ሊያፈናቅል ስለሚችል ማኅበሩ ከወዲሁ እንዲዘጋጅ አስጠነቀቁ። ማሽን የሚፈጽመው የታዘዘውን እንጂ አዛዡ በልቡ ያሰበውን እንዳልሆነም ደጋግመው አሳስበዋል።

በጃንዋሪ 1964 ከፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን እጅ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳልያ ተቀበሉ። ከሁለት ወራት በኋላ፣ ማርች 18 ቀን 1964፣ ስቶክሆልም ሳሉ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ዛሬ ማመልከቻን የሚመዘግቡ፣ ማስረጃን የሚያመሳክሩና ውሳኔን የሚያግዙ የኮምፒውተር ሥርዓቶች በየአገሩ ሥራ ላይ ውለዋል። የዊነር ጥናት ለእነዚህም ይሠራል፦ አንድ ሥርዓት የሚታረመው ስሕተቱ ተመልሶ ሲደርሰው ነው። ስሙ ተሳስቶ የተመዘገበ ወይም ጥያቄው ያለ አግባብ ውድቅ የሆነበት ተገልጋይ የሚያቀርበው አቤቱታም ይህንኑ የእርማት መረጃ ይዞ ይመጣል። አቤቱታው የማረም ሥልጣን ካለው ሰው ዘንድ ካልደረሰ፣ ማሽኑ ያንኑ ስሕተት በሚቀጥለውም ባለጉዳይ ላይ ይደግመዋል።