ለራሳቸው ምንም ያላስቀሩት አባት

ስለ መስጠት ሲነገር ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው በእጃችን ስላለው ገንዘብ ወይም እህል ነው። ነገር ግን ሰው ገንዘቡን ሰጥቶ አሳቡን፣ ልማዱንና ክብሩን ለራሱ ሊያስቀር ይችላል። ዛሬ የምንዘክራቸው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ በእኛ አጠራር አቡነ ያዕቆብ፣ እነዚህኑ ነበር አንድ በአንድ ለእግዚአብሔር ያስረከቡት።

በ1800 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) በደቡብ ኢጣልያ ሳን ፌሌ በምትባል ስፍራ ተወለዱ። ከአሥራ አራት ልጆች ሰባተኛው ነበሩ። በ1818 የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖልን ማኅበር ገብተው በ1824 ክህነት ተቀበሉ።

በ1839 አድዋ ሲደርሱ የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነበሩ። በዚያ ዕድሜ እንደ ሕፃን ፊደል ለመቁጠር ተቀመጡ፤ አማርኛ፣ ትግርኛና ግዕዝ ተማሩ። የአገሩን መነኮሳት ልብስ ለበሱ። በ1840 መጀመሪያ ለጥቂት ሰዎች ባደረጉት ንግግር፣ ከእንግዲህ ሕይወታቸው የአድማጮቻቸው እንደ ሆነ ነገሩአቸው። እንዲህ ያለውን ቃል ብዙ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይናገረዋል፤ እርሳቸው ግን ሃያ ዓመት ኖሩበት። ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የመጡትን የላቲን ሥርዓት እንዲይዙ አላስገደዱም፤ ይልቁንም የግዕዙን ሥርዓት ራሳቸው ወደዱት፣ ጠበቁትም። የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎቻችን ይህን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን፤ መምህሩ አስቀድመው ተማሪ ነበሩና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን የ1841 ጉዞ ነው። የትግራይና የስሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ፣ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ጳጳስ ለማምጣት ወደ ካይሮ የሚሄዱትን መልእክተኞች እንዲያጅቡላቸው ጠየቁአቸው። ለካቶሊክ ካህን የሚከብድ ጥያቄ ነበር፤ ሆኖም መልእክተኞቹ ወደ ሮምም እንዲሄዱ አሳስበው ተነሡ። ያን ጊዜ ከካይሮ የተሾሙት ወጣቱ አቡነ ሰላማ ኋላ ዋና ተቃዋሚያቸው ሆኑ። በዚያው ጉዞ አብረዋቸው የነበሩት ሊቁ መነኩሴ ገብረ ሚካኤል ደግሞ በ1844 ከካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር ተባበሩ፤ የልብ ወዳጃቸውና ልጃቸውም ሆኑ።

ጵጵስና ከሮም በታዘዘላቸው ጊዜ አይገባኝም በማለት ብዙ ጊዜ ሸሹት። በመጨረሻ በ1849 መጀመሪያ አቡነ ማስያስ በምጽዋ፣ በሌሊትና በስውር ሾሙአቸው። በ1851 እርሳቸው በተራቸው ለአባ ገብረ ሚካኤል ቅስና ሰጡ።

በ1854 ሁለቱም በጎንደር ታሰሩ። አቡነ ያዕቆብ ወራት ከታሰሩ በኋላ ከአገር እንዲወጡ ሲደረግ፣ ልጃቸው በሰንሰለት ቀሩ፤ በ1855ም እንደ ታሰሩ ዐረፉ። እዚህ ላይ ጥቂት ልንቆም ይገባናል። ለሞት የተዘጋጀ እረኛ፣ በጉ ሲሞት እርሱ እንዲተርፍ መደረጉ ቀላል መሥዋዕት አይመስለንም። ሞቱን እንኳ የመምረጥ ፈቃድ አልተሰጣቸውም። በጓላ የመሠረቱት የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤትም አስቀድሞ ተበትኖ ነበር። ወደ ኢጣልያ ቢመለሱ ማንም ባልወቀሳቸው፤ እርሳቸው ግን በምጽዋና በሐላይ መካከል እየተመላለሱ የቀሩትን ምእመናን ያጽናኑ ነበር።

በ1860 ክረምት በምጽዋ አጠገብ ትኩሳት ያዛቸው። የደጋው አየር ይሻላቸው እንደ ሆነ ብለው ከደቀ መዛሙርቶቻቸው ጋር ወደ ሐላይ መውጣት ጀመሩ፤ አልደረሱም። ጁላይ 31 ቀን በአሊጋዴ ሸለቆ፣ ጣራ በሌለበት፣ በዚያ ሐሩር፣ ምሥጢረ ቀንዲል ተቀብለው፣ ልጆቻቸውን መክረውና ባርከው፣ ራሳቸውን በድንጋይ ላይ አሳርፈው ነፍሳቸውን ሰጡ።

ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ በ1975 ቅድስናቸውን አወጁ። ሥጋቸውን ያን ጊዜ ምእመናን ተሸክመው ወደ ሄቦ አወጡት፤ በዚያም ከሕዝባቸው መካከል ተቀበሩ።