የቅኝቶቻችን ጸሐፊ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ

ከላላ ላደግን ልጆች ሙዚቃ አብሮን የሚኖር ነገር እንጂ የሚማሩት ትምህርት አልነበረም። ማታ ከጎረቤት ግቢ የመንዙማው ድቤ ይሰማል፤ በሠርግ ወራት ደግሞ አዝማሪው ማሲንቆውን አንግቶ ብቅ ይላል። ዜማ በስም በስሙ እንደሚጠራ የሰማሁት ግን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ሆኜ ነው። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ የደጋው አገር ዘፈን በአራት ቅኝቶች እንደሚመደብ፣ እነሱም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እንደሚባሉ ሲያስረዳኝ አፈርኩ። ከአራቱ ሁለቱ የወሎ አገር ስሞች ናቸው፤ ከክፍሉ ውስጥ ይህን የማላውቀው ግን እኔ የወሎው ልጅ ነበርኩ።

የሕግ ተማሪ አንድ አመል አለው። አራት ነው ሲሉት የት ተጽፎ ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄዬን ይዤ መጻሕፍት ሳገላብጥ ደጋግሞ የገጠመኝ የፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ስም ነበር።

አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ1938 አዲስ አበባ ተወለዱ። ለሙዚቃ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1960ዎቹ ዛሬ ያሬድ የምንለውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥርተው የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። የሙዚቃ ደራሲና የኦርኬስትራ መሪም ነበሩ። ኮቱራሲያ በተሰኘው ድርሰታቸው የጃፓኑን ኮቶ ከአውሮፓ መሣሪያዎች ጋር አገናኝተዋል፤ በ1967 ደግሞ የሃንጋሪን መንግሥት ኦርኬስትራ መርተዋል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚህ በኋላ የመረጡት መንገድ ነው። በትልልቅ መድረኮች ላይ ዱላ ይዞ መቆም የሚችል ሰው፣ ቁጭ ብሎ ስለ አዝማሪ መጻፍን መረጠ። በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በ1971 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ በሠሩት ጥናት ነው። በ1975 ስለ አዝማሪ፣ በ1977 ደግሞ የሰይጣን መሣሪያ ስለሚባለው ክራር በታወቁ የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔቶች ላይ ጻፉ። አዝማሪ የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ በቆየበት አገር፣ ሙያውን በማስረጃ አስደግፎ ለዓለም ማቅረብ ቀላል የጥብቅና ሥራ አይደለም። በ1982 የጥቁር ሕዝቦችን ሙዚቃ ሥረ መሠረት የሚመለከት መጽሐፍ አሳተሙ፤ በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲም አስተማሩ። በ1998 እዚያው አሜሪካ፣ ከአገራቸው ርቀው አረፉ። ዕድሜያቸው ገና 60 ዓመት ገደማ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ስለ ሙዚቃ መጻፍ ምን ያደርጋል ትል ይሆናል። የሌላውን ዓለም እንይ። ሜሎዲ ሜከር የተባለው የለንደን ሳምንታዊ ጋዜጣ በ1989 አንድ ጸሐፊውን እስከ ሲያትል ድረስ ልኮ ነበር። በዚያች ሩቅ የአሜሪካ ከተማ ጥቂት ወጣቶች የሚጫወቱት ግራንጅ የተባለው የሮክ ዓይነት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዓለምን ሲያጥለቀልቅ፣ የጋዜጦቹ ድርሻ ቀላል አልነበረም። ሙዚቃውን የፈጠሩት ወጣቶቹ ናቸው፤ ስሙን በየአገሩ ያዞሩት ግን ጸሐፊዎች ናቸው።

የእኛም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ባቲንና አምባሰልን የፈጠረው ሕዝቡና አዝማሪው ነው። ቅኝቶቹን በኖታ አስፍረው ለዓለም ካስተዋወቁት መካከል ግን አሸናፊ በግንባር ቀደምትነት ይጠራሉ። ችግሩ የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ ያውም ለምሁራን መሆኑ ነው። የከላላው አዝማሪ ስለ ራሱ የተጻፈውን ማንበብ አይችልም ነበር። በዚህ እሳቸውን አልወቅስም፤ የጎደለው በእሳቸውና በአዝማሪው መካከል ድልድይ መሆን የነበረበት የአማርኛ የሙዚቃ ጽሑፍ ነው። በ1992 የወጣው የፕሬስ ሕግ ለግል ጋዜጦች በር ሲከፍት ብዙ ጠብቄ ነበር። እኛ የጋዜጣ ሰዎች ግን የዘፋኙን ትዳር ስንጽፍ ዘፈኑን ረሳነው።

ሌላም ቁጭት አለኝ። ስም ያገኘ ነገር ይታወሳል፤ ያላገኘው ይረሳል። ባቲም አምባሰልም የሚገኙት በወሎ ምሥራቁ ወገን ነው። በምዕራቡ ወገን ያለነው የከላላ፣ የመካነ ሰላምና የወግዲ ሰዎች በአራቱ ስሞች ውስጥ የለንበትም። እነዚያ ማታ ማታ የምሰማቸው መንዙማዎች በየትኛው ቅኝት እንደሚወጡና እንደሚወርዱ ቁጭ ብሎ የነገረኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። አራት ነው ብለን ከዘጋነው፣ አምስተኛ ቢኖርስ ማን ይሰማዋል?

በሕግ ትምህርት ቤት እንደተማርኩት ያልተጻፈ ልማድ የሚረጋገጠው በምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ይሞታል። መንዙማውን ከነስልቱ የሚያውቁት የከላላ አዛውንቶች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ፕሮፌሰር አሸናፊ ድርሻቸውን ጽፈው ሄደዋል። የቀረው የእኛ ነው፤ ለዚያውም መቅረጫ ድምፅ በየኪሳችን ይዘን በምንዞርበት በዚህ ዘመን።

ቸር ይግጠመን።